ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ አንድ ርቀት፣ ሁለት የበረራ ጊዜ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዝ ሰው በትኬቱ ላይ የሰፈሩትን ሰዓቶች ብቻ አይቶ የጉዞውን ርዝመት ለመገመት ቢሞክር ከእውነቱ ተቃራኒ የሆነ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት በሚያዞሩበት ወቅት የሚደረግን ጉዞ ለአብነት እንውሰድ። ከቦሌ ምሽት 4፡30 የተነሣ መንገደኛ በማግሥቱ በዋሽንግተን አቆጣጠር ጠዋት 2፡00 ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ ከዋሽንግተን ጠዋት 5፡00 ተነሥቶ በማግሥቱ ጠዋት 1፡00 አዲስ አበባ ይገባል። ሰዓቶቹን እንዲሁ ብንቀናንስ መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት ይሆናል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት በዚህ ወቅት 7 ሰዓት በመሆኑ ግን፣ ለመሄጃው 7 ሰዓት ሲደመር፣ ከመመለሻው 7 ሰዓት ሲቀነስ እውነተኛው ጊዜ ይገኛል። መሄጃው 16 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 13 ሰዓት ነው። አጭር የመሰለው ረዥሙ፣ ረዥም የመሰለውም አጭሩ ሆኖ ተገኘ።

የሰዓቱ ማሳሳት በቀላል ሒሳብ ይፈታል። ከሒሳቡ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአንደኛው አቅጣጫ የሚደረገው ጉዞ ከሌላው በሦስት ሰዓት ተኩል የሚረዝመው ስለ ምንድን ነው? ከዋሽንግተን የተነሣው አውሮፕላን አንድም ቦታ ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲነሣ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳውስ ለምንድን ነው? ብዙ መንገደኞች መልሱን «ነፋስ» በሚል አንድ ቃል ያጠቃልሉታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ነፋስ የምክንያቱ ከፊል ብቻ እንደሆነ፣ ዋነኛው ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ መሆኑን በቀላል ስሌት ለማሳየት ይሞክራል። ጉዳዩ ከማወቅ ጉጉት ያለፈ ፋይዳም አለው። አገራችን አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ በምትገነባበት በዚህ ጊዜ፣ ከአዲሱ ማረፊያ ምን መጠበቅ እንደሚገባ የሚወስነው ይኸው ስሌት ነውና።

ርቀቱ እንዴት ይለካል?

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያና በዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ በማጋደም አይደለም። ምድር ክብ በመሆኗ በገጿ ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ፣ የምድርን እምብርት ማዕከል አድርጎ በሁለቱ ነጥቦች ላይ የሚያልፍ ክብ አካል ነው። ይህ ክብ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል በመሆኑ ዐቢይ ክብ ሊባል ይችላል።

ነገሩን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። በሉል ላይ አንዱን የክር ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዞ ክሩን መወጠር ይበቃል። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ፣ በቱኒዝያና በአልጄሪያ ድንበር አካባቢ አልፎ፣ የሜዲትራንያንን ባሕር ተሻግሮ፣ ከደቡብ ስፔንና ከፖርቱጋል በላይ ወደ አትላንቲክ ይገባል። በውቅያኖሱ መካከል እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየወረደ ዋሽንግተን ይደርሳል። ራሷ ዋሽንግተን የምትገኘው በ39 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ በመሆኑ፣ አጭሩ መንገድ ከመድረሻው ይልቅ ወደ ሰሜን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው።

በተለመደው የግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በቀጥተኛ መስመር ብናገናኝ ግን መስመሩ በሰሃራ በረሃ ላይ ያልፋል። ይህ መንገድ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ ቢመስልም በእውነተኛዋ ምድር ላይ 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከአጭሩ መንገድ 530 ኪሎ ሜትር ብልጫ አለው። ክብ የሆነውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማስፈር ማዛባትን ማስከተሉ አይቀርም። መንገደኛው በመቀመጫው ፊት ባለው ስክሪን ላይ የበረራው መስመር ወደ ሰሜን የተቀለበሰ ቅስት ሆኖ ሲያይ «ስለ ምን ይዞራል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አውሮፕላኑ ግን እየዞረ አይደለም፤ የሚያሳጥረውን መንገድ ይዟል።

ነፋስ የሚሰጠውና የሚወስደው

የረዥም መንገድ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የሚበሩት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ፣ በተለይ ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙት መካከለኛ ኬክሮሶች፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። በእንግሊዝኛ ስያሜው ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው። መነሻው በሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢና በቀዝቃዛው የዋልታ ክልል መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው የሚፈሰው አየር በምድር ሽክርክሪት ምክንያት ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። የሙቀት ልዩነቱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ስለሚሰፋ ጅረቱም በእነዚህ ወራት ይበረታል።

ስለሆነም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውሮፕላን፣ በተለይ አትላንቲክን ሲሻገር፣ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ደግሞ ከፊት ለፊቱ ይጋፈጠዋል። የአትላንቲክ መተላለፊያዎች በየቀኑ እንደ ነፋሱ ሁኔታ የሚቀየሩትም ለዚህ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚበሩት ጅረቱን ለመጠቀም፣ ወደ ምዕራብ የሚበሩት ከጅረቱ ለመሸሽ እንዲችሉ ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የሚያገኘው ነፋስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው ብለን እንነሣ። ነፋስ ባይኖር 11,560 ኪሎ ሜትሩ 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይፈጃል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ፍጥነቱ 940 ይሆንና ጊዜው ወደ 12 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ያጥራል። ነፋሱ ከፊት ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 860 ይወርድና ጊዜው 13 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይሆናል። ለመነሣትና ለማረፍ የሚያስፈልገውን ግማሽ ሰዓት ያህል በየአቅጣጫው ብንጨምር፣ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ፣ መሄጃው 14 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ነፋስ ሲመለሱ የሚሰጠው ሲሄዱ የወሰደውን ያህል አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ የደርሶ መልሱ ድምር ነፋስ ከሌለበት ጊዜ በ3 ደቂቃ ይበልጣል። አማካዩን ነፋስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ብናሳድገው ብልጫው ወደ 19 ደቂቃ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላኑ ነፋሱ በሚጎዳው አቅጣጫ የሚቆየው ነፋሱ በሚረዳው አቅጣጫ ከሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት የተገኘው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። በመግቢያው የተመለከትነው ልዩነት ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የቀረውን ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነ ጊዜ ነፋስ ሊያስረዳን አይችልም። ይህ ጊዜ የሚጠፋው በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ በመቅዳት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «መሄጃው ለምን ይዘገያል?» ከሚለው «መሄጃው ለምን ማረፍ ያስፈልገዋል?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

የመነሻው ከፍታ

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ልዩነት ለመንገደኛው ትርጉም የለሽ ሊመስል ይችላል፤ ለአውሮፕላን ግን እጅግ ትልቅ ነው።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠን፣ ይቀንሳል። በ2,300 ሜትር ላይ፣ የሙቀቱ መጠን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ እፍግታ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ይህ መሳሳት አውሮፕላኑን በሦስት መንገድ ይጎዳዋል።

አንደኛ፣ ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር አማካይነት ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነት መጨመር ግድ ይሆናል። እፍግታው በአንድ አራተኛ ሲቀንስ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለመንደርደር የሚያስፈልገው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ልክ በመሆኑ፣ ሞተሩ ኃይሉ ባይቀንስ እንኳ መንደርደሪያው ከ30 በመቶ በላይ መርዘም ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ ኃይል ራሱ ይቀንሳል። የጄት ሞተር አየርን ስቦ፣ አምቆና አሙቆ ወደ ኋላ በመወርወር የሚሠራ በመሆኑ፣ የሚስበው አየር ሲሳሳ የሚሰጠው ግፊትም ያንሳል። ብዙ ፍጥነት በሚያስፈልግበት ቦታ ፍጥነት የሚሰጠው ኃይል ይጎድላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መንደርደሪያን ማርዘም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የቦሌ መንደርደሪያ ወደ 3,800 ሜትር የሚረዝም ሲሆን በዓለም ካሉት ረዣዥሞች ጋር የሚሰለፍ ነው። ነገር ግን ጎማዎች ሊቋቋሙት የሚችሉት የፍጥነት ጣሪያ አለ፤ ፍሬኖችም መነሣት በድንገት ቢቋረጥ ያን ያህል ፍጥነት ማስቆም መቻል አለባቸው። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ሞተር በመነሣት ላይ ሳለ ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ብቻ በዙሪያው ካለው ተራራ በላይ በበቂ ርቀት መውጣት እንዲችል የደኅንነት ደንብ ያስገድዳል። አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ከተማ መሆኗ ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው የሚያስከትሉት አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ ከቦሌ የሚነሣው ሊሸከመው ከሚችለው ከፍተኛ ክብደት በታች ሆኖ ነው።

የአየሩ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በአንድ ቦታ ላይ ሙቀቱ ከ25 ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ እፍግታው በ5 በመቶ ያህል ይጨምራል። የረዥም መንገድ በረራዎች ከቦሌ በብዛት በምሽት መነሣታቸው የመንገደኞች ቅብብል ስለሚመቸው ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድም ለክንፍና ለሞተር የሚያደርገው ውለታ አለ።

የክብደቱ ሒሳብ

ይህን ሁሉ በአንድ አውሮፕላን ላይ እንፈትነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀዳሚ ሆኖ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787-8 አምራቹ በሚገልጸው መሠረት 13,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የመብረር አቅም አለው። የዋሽንግተን መንገድ ከዚህ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያንሳል። እንዲህ ከሆነ አቅሙ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ይህ የአምራቹ ቁጥር አውሮፕላኑ በከፍተኛው ክብደቱ ሊነሣ ይችላል ከሚል ግምት የተነሣ ነው።

ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው። ባዶው አውሮፕላን 120 ቶን ያህል ይመዝናል። 270 መንገደኞችን ከነሻንጣቸው በነፍስ ወከፍ 100 ኪሎ ግራም ብናስብ 27 ቶን ይሆናሉ። አውሮፕላኑ በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይፈጃል ብንልና ለመጠባበቂያ 7 ቶን ብንይዝ፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለ13 ሰዓት በረራ 72 ቶን ነዳጅ ያስፈልጋል። ድምሩ 219 ቶን ነው። ወደ ዋሽንግተን ለ14 ሰዓት በረራ ደግሞ 77 ቶን ነዳጅ ያስፈልግና ድምሩ 224 ቶን ይሆናል።

ሁለቱም ድምሮች ከ228 በታች መሆናቸው ትልቅ ትርጉም አለው። ቦሌ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ከፊት እየተጋፋው እንኳ አውሮፕላኑ በቀጥታ ዋሽንግተን መድረስ ይችል ነበር። ከፍታው ግን የሚፈቀደውን የመነሻ ክብደት ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ቅናሹን 10 በመቶ ብቻ ነው ብንል ጣሪያው ወደ 205 ቶን ይወርዳል። ከሚያስፈልገው 224 ቶን 19 ቶን መቀነስ የግድ ነው። ከመንገደኞች እንቀንስ ከተባለ 190 ሰው መቅረት አለበት፤ ከ270 መንገደኞች 80ው ብቻ ይጓዛሉ። ከነዳጅ እንቀንስ ከተባለ ደግሞ አራት ሰዓት ለሚጠጋ በረራ የሚያስፈልገው ይጎድላል። አንደኛው ምርጫ አየር መንገዱን ለኪሳራ ይዳርጋል፤ ሁለተኛው አውሮፕላኑን ያለ ማረፊያ ከውቅያኖስ በላይ ያስቀረዋል። የሚቀረው ሦስተኛው ምርጫ መንገደኛውን ሁሉ ጭኖ፣ ነዳጁን በከፊል ይዞ ተነሥቶ፣ ቀሪውን በዝቅተኛ ስፍራ ባለ ከተማ መቅዳት ነው።

የሜክሲኮ ሲቲ ምስክርነት

በዚህ ትንታኔ ላይ አንድ ተገቢ ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ከፍታውም ነፋሱም በአንድነት ተቃዋሚዎች ናቸው። ታዲያ ማረፍን የሚያስገድደው ከፍታው እንጂ ነፋሱ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ሁለቱን ለመለየት ከፍታውና ነፋሱ ተቃራኒ የሆኑበትን ሌላ መንገድ መመልከት ይጠቅማል።

እንዲህ ያለ መንገድ በኢስታንቡልና በሜክሲኮ ሲቲ መካከል ይገኛል። ርቀቱ 11,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከእኛው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ደለስ ሁሉ ዝቅተኛ ነው። ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ነው። እዚህ ከፍተኛዋ ከተማ የምትገኘው በምዕራብ በኩል በመሆኑ፣ ከእርሷ የሚነሣው አውሮፕላን ነፋሱን ከኋላው ያገኛል። የቱርክ አየር መንገድ ይህን መስመር በ2011 ዓ.ም. ሲጀምር ከኢስታንቡል ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ነፋሱን እየተጋፈጠ በቀጥታ ይበር ነበር፤ ሲመለስ ግን ነፋሱ እየረዳውም በባሕር ዳርቻ ባለችው በካንኩን ማረፍ አስፈልጎታል።

ነፋሱ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ማረፊያው በመሄጃው ላይ በሆነ ነበር። በሁለቱም መንገዶች ማረፍን የሚጠይቀው ከከፍተኛው ከተማ የሚነሣው በረራ ነው፤ ነፋሱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢነፍስ ለውጥ አላመጣም። ይህ ንጽጽር የክብደቱ ሒሳብ ያመለከተውን ያጸናል።

ማረፊያው የሚያስከፍለው

ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ በተለያዩ ዓመታት እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ሲቀዳ ቆይቷል። እነዚህ ከተሞች የተመረጡበትን አንዱን ምክንያት ሉሉ ራሱ ያስረዳል። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሮም በኩል ቢኬድ ጭማሪው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በሎሜ በኩል ቢኬድ ግን ጭማሪው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሎሜ በመንገድ ላይ ያለች፣ ደብሊን ደግሞ ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለች፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ከክብደት አንጻርም መፍትሔው ይሠራል። እስከ ደብሊን ላለው ስምንት ሰዓት ገደማ 40 ቶን ነዳጅ ከ7 ቶን መጠባበቂያ ጋር ሲያዝ የመነሻው ክብደት 194 ቶን ይሆናል። ከ205 ቶኑ ጣሪያ በታች በመሆኑ ለጭነት የሚውል ቦታ እንኳ ይተርፋል።

እንግዲህ ማረፍ የሚያስከፍለው በአብዛኛው ጊዜን ነው እንጂ ርቀትን አይደለም። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ቀንሶ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ እንደገና ከባድ ክብደት ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ስምንት ሰዓት እስከ ደብሊን፣ አንድ ሰዓት ተኩል በመሬት ላይ፣ ሰባት ሰዓት እስከ ዋሽንግተን ሲደመር በመግቢያው ያየነው 16 ሰዓት ተኩል ይገኛል። ለአየር መንገዱ ይህ ማለት የማረፊያ ክፍያ፣ ተጨማሪ ነዳጅና የበረራ ሠራተኞች ረዥም የሥራ ሰዓት ነው። ለመንገደኛው ደግሞ፣ በተለይ ለአረጋውያንና ሕፃናትን ይዘው ለሚጓዙ፣ ከመቀመጫ ሳይነሡ የሚታለፍ የድካም ሰዓት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ትልልቆቹ አንዱ የሚኖር በመሆኑ፣ ይህ ድካም የብዙ ቤተሰብ ድካም ነው።

በዚህ ላይ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑ ይታከላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚወስደው አጭሩ መንገድ የሚያልፈው በሱዳን ላይ ነው። አውሮፕላን ሱዳንን ትቶ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ሰሜን ቢወጣና ከዚያ ወደ ደብሊን ቢያቀና መንገዱ በ170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜውም በ12 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለአንድ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ በሰዓት 5 ቶን ነዳጅ ለሚያቃጥል አውሮፕላን ግን በእያንዳንዱ በረራ አንድ ቶን ነዳጅ ነው።

አዲሱ ማረፊያ ምን ይለውጣል?

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለ ስፍራ አዲስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል። የቢሾፍቱ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ ዝቅታ ከአዲሱ ማረፊያ ጥቅሞች አንዱ ነው። ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ግን በስሌት ማየት ይገባል።

በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከ2,300 ወደ 1,900 ሜትር መውረድ የአየሩን እፍግታ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚፈቀደው የመነሻ ክብደት በዚያው ልክ ያድጋል ብለን በጥቅሉ ብናስብ 205 ቶን የነበረው ጣሪያ ወደ 213 ቶን ይወጣል። የተገኘው 8 ቶን ቀላል አይደለም፤ የ80 መንገደኞች ክብደት፣ ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሆን በረራ የሚበቃ ነዳጅ ነው። ለአበባ፣ ለሥጋና ለሌላ ጭነትም የሚሰጠው ዕድል ቀላል አይሆንም። ለዋሽንግተን ቀጥታ በረራ ከሚያስፈልገው 224 ቶን ግን አሁንም 11 ቶን ይቀረዋል።

ስለሆነም በዚህ ግምታዊ ስሌት መሠረት፣ በዚያው አውሮፕላን ከአቡሴራ የሚነሣው መንገደኛ በቀጥታ ዋሽንግተን ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የቀረውን ጉድለት የሚሞላው ከክብደቱ አንጻር የበለጠ የሞተር ኃይልና የተሻለ ክንፍ ያለው አውሮፕላን፣ በተራራ ያልታጠረ የመውጫ አቅጣጫና በቀዝቃዛ ሰዓት መነሣት ሲደማመሩ ነው። የከፍታው መቀነስ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲቀናጅ ትልቅ እገዛ ነው፤ ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም።

ማጠቃለያ

በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የጂኦሜትሪ ጉዳይ በመሆኑ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው። የበረራ ጊዜ ግን ከርቀቱ ብቻ አይገኝም። ነፋስ አንድ ሰዓት ያህል ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል፤ የተዘጋ የአየር ክልል ደቂቃዎችን ይጨምራል፤ የመነሻው ከፍታ ደግሞ ማረፍን በማስገደድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ ከየትኛው ከተማ እንደሚነሡ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ያገኘችው ለስላሳ የአየር ጠባይ ነዋሪዎቿ የሚኮሩበት ጸጋ ነው። የዚያ ጸጋ ዋጋ ደግሞ ከቦሌ በሚነሣ እያንዳንዱ የረዥም መንገድ አውሮፕላን ላይ በቶንና በሰዓት ይከፈላል። ዋጋውን በትክክል ማወቅ አዲስ ማረፊያ ለሚያቅዱ፣ አውሮፕላን ለሚመርጡና የበረራ ሰሌዳ ለሚያወጡ ባለሙያዎች የመጀመሪያው እርምጃ ነው።